የአሥራ አራት ቤት ገመድ

በጥር ሁለተኛው ሰኞ ጠዋት፣ ኮምቦልቻ ውስጥ በሰባተኛው መስመር ላይ ያለን አሥራ ስድስት ቤቶች በራችን ሁለት ሁለት ጊዜ ተከፈተልን። አንዴ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ሰው እግሩን ሳያነሳ ደግሞ ተከፈተ። እኔን አልጋዬ ቀሰቀሰችኝ፤ ተነስቼ ነጠላዬን ስፈልግ ደግማ ቀሰቀሰችኝ። «ተነስቻለሁ እኮ» አልኳት። ብቻውን የሚኖር ሰው የማያወራው ዕቃ የለም።

ስንዱ ሰይድ እባላለሁ። ሥራዬ መስመር ማሳረፍ ነው። ከተማው የሚኖረው በአንድ ምት ነው፤ ምቱ ከምት ቤት ተነስቶ በገመድ በየቤቱ ይገባል፤ በሩም፣ ምድጃውም፣ አውቶቡሱም፣ ፊርማውም እሱን ጠብቆ ይሠራል። የእኔ ቦታ የገመዱ ጫፍ ነው። ጫፉ ባዶ ከተተወ ምቱ የሚያርፍበት ያጣና፣ ኳስ ግድግዳ ነክቶ እንደሚመለስ ይመለሳል፤ በመመለሻው ላይ ያገኘውን ሁሉ ደግሞ ይነካል። ስለዚህ ጫፉ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል ሬዚስተር እሰካለሁ። ማሳረፊያ እንላታለን። ምቱ እዚያ ደርሶ ትንሽ ሙቀት ይሆንና ያበቃል። ሃያ ሰባት ዓመት ይህንኑ ስሠራ ኖሬያለሁ፤ አንድም ሰው አመሰግናለሁ ብሎኝ አያውቅም፣ ምክንያቱም ሥራዬ ሲሳካ ምንም አይሆንም።

ድሮ ሰው ሁሉ የእጅ ሰዓት አስሮ፣ ተቀጣጥሮ፣ አንዱ ሌላውን አንድ ሰዓት ሙሉ ያስጠብቀው ነበር ይላሉ። አባቴ ይህን ሲያወራ በናፍቆት ነበር። አሁን የሚዘገይም የሚቀድምም የለም። ከምት ቤት አጠገብ የሚኖር ሰው ገመዱ ቀጥ ብሎ አይገባለትም፤ ከሩቁ ቤት ገመድ እኩል እስኪረዝም ድረስ ግቢው ውስጥ ተጠማዞ ተጠማዞ ነው የሚገባው። ሀብታም ነኝ፣ ቅርብ ነኝ ብሎ ምቱን ከጎረቤቱ ቀድሞ የሚሰማ የለም። ልጆቻችን ከምት ውጭ ማስነጠስ ነውር እየመሰላቸው ያድጋሉ። ይህ ጥሩ ይሁን መጥፎ እኔን አትጠይቁኝ፤ እኔ የጫፍ ሠራተኛ ነኝ።

ወደ ሰኞ ልመለስ። የመስመሩ የዳቦ ምድጃ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሁለት ዳቦ ሰጠ። ሰፈሩም እግዜሩንም አላህንም አመሰገነ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሰባተኛው መስመር ላይ የተከፋ ሰው አልነበረም፤ እኔን ከነመሣሪያ ሻንጣዬ ሲያዩ ነው ፊታቸው የጠቆረ። ጎረቤቴ እትዬ ሎሚ ሁለት ዳቦዋን ደረቷ ላይ አቅፋ «ስንዱዬ፣ ምናለ ዛሬ እንኳ ቢያምሽ» አለችኝ። የምትወደኝ ሰው ናት።

እውነቱን ለመናገር እኔም ቀስ ብዬ ልሠራው ነበር ያሰብኩት። ሁለት ዳቦ ማን ይጠላል? ግን ሦስት ሰዓት ላይ የእህቴ ልጅ ውባለም መጣች። እሁድ ድረናታል። ሰኞ ጠዋት ደግሞ እሷና ባሏ ይርሳው በእናቷ ቤት የፊርማ ሰሌዳ ላይ ፈርመዋል፤ በመንግሥት ዘንድ ጋብቻ ማለት ያቺው ፊርማ ናት።

«አክስቴ፣ መዝገብ ቤት ይርሳው ሁለት ሚስት አለው ይላል።»

«ደግሞ ማንን ጨመረ?»

«እኔን።»

ማስታወቂያውን አሳየችኝ። ምቱ መጥቶ ፊርማቸውን መዝግቧል፤ ተመልሶ ሲሄድ ደግሞ መዝግቧል። ሁለት ሙሽራ፣ ሁለቱም ውባለም አራጋው፣ ሁለቱም በአንድ ሰዓት። ሕጉ ሁለት ሚስት አይፈቅድም፤ የመጀመሪያዋ የትኛዋ እንደሆነች መለየት ስላልተቻለ ሁለቱም ታግደዋል። እስከ ረቡዕ ስድስት ሰዓት በዚያው ሰሌዳ ላይ ነጠላ ፊርማ ካልገባ ጋብቻው ይሰረዛል፣ ተጋቢዎቹም ለአምስት ዓመት ከመዝገቡ ይወጣሉ። ደብዳቤው በጣም ትሁት ነው። መጨረሻው ላይ መልካም ጋብቻ ይላል።

ውባለም ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ይርሳው አፋር በረሃ የፀሐይ ኃይል ጣቢያ ሲጠብቅ ስድስት ዓመት ጠብቃዋለች። በዚያ ላይ አምስት ጨምሩበትና እናንተው ፍረዱ። እየሳቀች ነበር የነገረችኝ፤ ሳቁ ግን መሀል ላይ ጥሏት ሄደ። እኔ የዚያችን ልጅ እንባ አልችልም፤ ሻንጣዬን አነሳሁ።

የሚመለስ ምት ከየት እንደሚመለስ ማወቅ ቀላል ነው። አንድ ምት ትልኪያለሽ፣ እስኪመለስ ትቆጥሪያለሽ። ቆጣሪዬ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሜትር አለኝ። ገመዱን ተከትዬ ሄድኩ። ገመድ ደግሞ እንደ ሰው አቋራጭ አያውቅም። ጋሽ ይመር ለምት ቤት ቅርብ ስለሆኑ ግቢያቸው ውስጥ አርባ ሜትር ትርፍ ገመድ ተጠምጥሟል፣ ዶሮዎቻቸው ይታቀፉበታል፤ ጥምጥሙን እየተከተልኩ ስድስት ጊዜ ግቢያቸውን ዞርኩት። ጋሽ ይመር በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። የመረዳጃ ማኅበራችን የቅሬው ዳኛ ናቸው፤ ለቅሶ ይሁን ሰርግ፣ የመስመሩ ሰው ያለ እሳቸው አይሰበሰብም፣ ያለ እሳቸው አይበተንም።

«ስንዱ፣ ጠላው ገና አልለቀቀሽም?»

«ግቢዎ ነው የሚያዞረኝ፣ ጋሽ ይመር።»

«እንግዲያው ዶሮዎቹን እንዳትረግጪ።»

ሦስት መቶ አሥራ ሁለተኛው ሜትር ከእህቴ ቤት ፊት ለፊት፣ ሜዳው ላይ፣ የሰርጉ ዳስ ውስጥ ገብቶ ቆመ። የሰርጉ ምድጃዎች እሁድ ማታ ለሌላ ቅሬ ሰርግ ሄደዋል፤ ለመልሱ ድግስ ረቡዕ ይመለሳሉ። የተሰኩበት ገመድ ጫፉ ራቁቱን ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሏል። አንድ ደግ ሰው እንዳይበርደው ፌስታል አልብሶታል።

ፌስታሉን ፈታሁ፣ ማሳረፊያዬን ሰካሁ። በሮቹ አንድ አንዴ መከፈት ጀመሩ። ማክሰኞ ጠዋት ሰው ሁሉ አንድ አንድ ዳቦ ይዞ እኔን በክፉ ዓይን እያየ ወደ ሥራው ሄደ፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ ውባለምንና ይርሳውን «ሂዱ ፈርሙ» አልኳቸው።

ፈረሙ። ይርሳው አራት ሚስት ሆነለት።

ወሬው ሰፈሩን ለማዳረስ ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ሰው ለይርሳው ቦታ ይለቅለት ጀመር፤ የቤተሰብ ኃላፊነት አለብህ እያሉ። ጋሽ ይመር አስጠሩትና አንገቱን አቅፈው «ልጄ፣ እስከ አራት ድረስ ሸህ ዘንድ ወስጄ መላ አፈላልግልሃለሁ፤ ከአራት ካለፈ ግን እኔ የለሁበትም» አሉት። ይርሳው ዝምተኛ ሰው ነው። ሳቀላቸው። ሲወጣ ግን ግንባሩን በሩ ላይ አሳርፎ ትንሽ እንደቆመ አይቻለሁ። መዝገብ ቤቱ አዲስ ትሁት ደብዳቤ ልኮ ነበር፤ ሦስተኛው ፊርማ እንደገና ድርብ ከሆነ አራተኛ ዕድል የለም።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ማሳረፊያውን ሰካሁ፣ መለካት ግን ተውኩ። በርና ምድጃ ትንሽ ጉርምርምታ አይሰሙም፤ የፊርማ ሰሌዳ ግን የሐሜተኛ ጆሮ ነው ያለው። ለመልካም ስሜ ስል በአንዲት ልጅ ዕድል ተጫወትኩ ብዬ ምሳዬን ትቼ ተነሳሁ።

መሰላል ይዤ ዳሱ ጣራ ሥር ገባሁ፣ ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቴ ዳሰስኩት። አንድ ገመድ አልነበረም።

የቅሬያችን ደንብ ነው፤ ዳስ ሲጣል ከደጋሹ ወገን በቀር ሁሉም ቤት ድርሻውን ያመጣል። ድሮ ምሰሶና ቅጠል ነበር ይባላል። ዛሬ ምሰሶውም ሸራውም የቅሬው ንብረት ስለሆነ ሰው የሚያዋጣው ገመድ ነው፣ በየቤቱ አራት ሜትር። እህቴና እኔ ደጋሽ ነን። የቀሩት አሥራ አራት ቤቶች አሥራ አራት ቁራጭ አምጥተዋል፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ከአማቱ የወረሰው። የማንም እንዳይቀርና ማንም እንዳይቀየም ሁሉንም አቀጣጥለውታል። ምት ደግሞ ከወፍራም ወደ ቀጭን ሲሻገር ይደናቀፋል፤ ጥቂቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። አሥራ ሦስት መጋጠሚያ፣ አሥራ ሦስት ትንንሽ መመለስ። ጫፉ ላይ ያለችው ማሳረፊያዬ ምን ታድርግ? ችግሩ ያለው መንገዱ ሁሉ ላይ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ይባላል፤ የእኛ ድር አብሮ ያሰረው ሙሽራ ነው።

ረቡዕ ሦስት ሰዓት ላይ ቅሬው ዳሱ ውስጥ ተሰበሰበ። ነገሩን አስረዳሁ። የተዋጣው ገመድ ሁሉ ይነሳ፣ በምትኩ ለመልሱ ምድጃዎች አንድ ወጥ ገመድ ልዘርጋ፣ ከዚያ ይፈርሙ አልኩ።

ጋሽ ይመር ከዘራቸውን ሁለት ጊዜ አዟዟሩት።

«ስንዱ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። ግን መልስ ሳይበላ ከዳስ ላይ መዋጮውን ያነሳ ሰው፣ ትዳሩ ይፍረስ ያለ ነው። ይህንን ልጅ እንኳ ያውቀዋል።»

እህቴ አልጋነሽ ከኋላ ተነሳች። «ማንም እንዳይነካው። የልጄን ዳስ ማንም እንዳይነካ።»

«ካልተነካም እኮ ስድስት ሰዓት ላይ ይፈርሳል፣ አልጉ» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለችና ቁጭ ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

ትዳሩ እንዲፈርስ የሚፈልግ አንድ ሰው አልነበረም። ያ ነው ችግሩ። እትዬ ሎሚ ሁሉም ልቡ ውስጥ ያለውን ተናገረችው፤ «እኔ ባነሳ ደስ ይለኛል። ግን ነገ ልጆቹ ቢጋጩ፣ አንድ ሳህን ቢሰበር፣ ቀድማ ያነሳችው ሎሚ ናት ይባላል። የልጅ ልጆቼ ይሰሙታል።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዳለ ልንገራችሁ። ከሦስት ሰዓት ተኩል እስከ አምስት ሰዓት ተኩል አሥራ አራት ቤት ማን ይቅደም በሚል ተከባበረ። እርስዎ ይቅደሙ። ኧረ በሞቴ፣ እርስዎ እያሉ። እርስዎ ታላቅ ነዎት። እርስዎ ደግሞ የሩቅ ዘመድ ነዎት። በር ላይ ቆመን እንደምናደርገው ማለት ነው፤ እንዲያው በር ቢሆን እኮ ራሱ ምቱን ጠብቆ ይዘጋብንና ይገላግለን ነበር።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ይርሳው ተነሳ። «እኔ ሁሉንም ልንቀለው። ጥፋቱም በእኔ ይሁን።»

ውባለም እጁን ጎትታ አስቀመጠችው። «አንተ ከነቀልከውማ ባሌ ራሱ ፈታኝ ማለት ነው። ከአራት ሚስት ጋር የት ትደርሳለህ?»

ሰው ሳቀ። እሷ ግን እጁን አልለቀቀችም፤ ጣቶቿ ነጥተው ነበር። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሃያ ሰባት ዓመት የማውቀውን ነገር ረስቼ ተቀምጫለሁ እኮ።

«ማንም አይቅደም» አልኩ። «ምቱ ይቅደም።»

ዞረው አዩኝ።

«እያንዳንዳችሁ ያመጣችሁትን ቁራጭ ያዙ። ምቱ የአምስት ሰዓት ከአርባ አምስቱን የበር ደወል በየደጃፉ ሲደውል ሁላችሁም ሳቡ። ደወሉ ለአንዱ ከሌላው ቀድሞ አይደርስም። ጋሽ ይመር፣ እርስዎ ግቢ ዶሮዎች የሚታቀፉበት ገመድ ለምን የተጠመጠመ ይመስልዎታል? ለዚህ ነው። በዚህ መስመር ላይ መጀመሪያ የሚባል ሰው የለም።»

ጋሽ ይመር ከዳሱ ጣራ ሥር የተንጠለጠሉትን ቁራጮች አንድ በአንድ ቆጠሩ።

«ደንቡ ያነሳ ሰው ነው የሚለው» አሉ በመጨረሻ። «ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ቢያነሳ፣ እንግዲህ ማን አነሳ ይባላል? ጥሩ። ግን የምትዘረጊው ገመድ የማን ነው?»

«የምት ቤት ነው።»

«የቅሬ ዳስ በመንግሥት ገመድ አይቆምም።» ሰዉ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ለስድስት ሰዓት አሥራ ስምንት ደቂቃ ነው የቀረን። ሽማግሌው ግን ከዘራቸውን ጥለው ተነሱና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «ገመዱ ካልተዋጣ ክንድ ይዋጣ። ምሰሶ ላይ አታሥሪው። እኛ እንይዘዋለን።»

ምሰሶ ላይ ለማሠር ጊዜውም አልነበረም። የምት ቤቱን ገመድ ከጥቅሉ ዘርግቼ በየሰዉ እግር ሥር አስተኛሁት። አሥራ አራት ሰው ወንበር ላይ ወጥቶ የየራሱን ቁራጭ ጨበጠ። እህቴ ነጠላዋን ከፊቷ አንስታ ሰሌዳው አጠገብ፣ በቤቷ ደጃፍ ላይ ቆመች፤ ሙሽሮቹ ከጎኗ። ደወሉ ተደወለ። አሥራ አራት እጅ ሳበ፣ አንድ ድምፅ ብቻ ተሰማ። ማንም ወደ ጎረቤቱ አላየም።

ከዚያ ወጥ ገመዱን ከመሬት አነሱት። በደረት ልክ፣ ሳይታጠፍ፣ ሳይላላ፣ መሬት ሳይነካ፤ ከእህቴ ደጃፍ ተነስቶ ሜዳውን አቋርጦ ዳሱ ውስጥ እስከ እኔ ድረስ በአሥራ አራት ሰው እጅ ላይ መጣ። ጫፉን እኔ ያዝኩ፣ ማሳረፊያዬን ሰካሁ። አንድ ምት ላክሁ። ቆጠርኩ። አልተመለሰም። ሁለተኛ ላክሁ። አልተመለሰም። ማክሰኞ የተቃጠልኩ ሰው ነኝና ሦስተኛም ላክሁ።

«ፈርሙ» አልኩ። ቃሌ ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ ደጃፉ ድረስ ሄደ።

«አፍንጫዬን በላኝ» አለች እትዬ ሎሚ።

«ቻይው» አሏት ጋሽ ይመር። «እኔ ሰማንያ አንድ ዓመት የበላኝን ችያለሁ።»

ለስድስት ሰዓት አራት ደቂቃ ሲቀረው ይርሳው ፈረመ። ውባለም ፈረመች። ሰሌዳው ለመዝገብ ቤት ልኮ መልስ እስኪያመጣ አሥራ አንድ ምት ይፈጅበታል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ገመዱ በአሥራ አራት እጅ ላይ ትንሽ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ የማን እጅ እንደሆነ አይለይም።

እህቴ ሰሌዳውን አነበበች። ደግማ አነበበች። ከዚያ አንድ ጣቷን ብቻ ወደ ላይ ቀሰረች።

አንድ ሚስት።

ይርሳው ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብሎ አለቀሰ። እልል ማለት የፈለጉት ሴቶች ገመዱን እንዳያወዛውዙ ፈርተው በቀስታ ነው እልል ያሉት፤ እንደዚያ ያለ እልልታ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። እኔም አለቀስኩ፤ እጄ ስለተያዘ እንባዬን የጠረገልኝ አልነበረም።

«በቃ፣ አልቋል፣ አስቀምጡት» አልኩ።

ማንም አላስቀመጠም። እትዬ ሎሚ ጋሽ ይመርን አየች። ጋሽ ይመር ሰማዩን አዩ።

«መልሱ መቼ ተበላና» አሉ።

ምድጃዎቹ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሱ። ገመዱ እንደተያዘ ሰካኋቸው። ወጡ ሲደርስ እህቴ ትሪዎቹን በሰልፉ ሁሉ አዞረች፤ እኛም ግራ እጃችን ገመዱን ይዞ ቀኝ እጃችን በላ። መንገደኛ ቆሞ ያየን ነበር። መልስ ነው፣ ግቡ እንለዋለን፤ የገባውም ቦታ ፈልጎ ገመዱን ይይዛል።

ሙሽሮቹ ከዚያኛው ጫፍ ጀምረው አንድ በአንድ እያጎረሱ መጡ። ውባለም እኔ ጋ ስትደርስ ጠቅልላ አጎረሰችኝ።

«አክስቴ፣ አንቺ እንኳ ልቀቂው እንጂ። የእናቴን ጣት በዓይንሽ አይተሻል፤ አንድ ነኝ።»

ውጬ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ ገመዱን በደንብ ጨበጥኩና አፌን ደግሜ ከፈትኩላት።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» አልኳት።

ደገመችኝ።